ባዶ የሚመስለው መስቀለኛ መንገድ፦ ብስክሌተኛ፣ አሽከርካሪና የሌሊቱ ቀይ መብራት

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። አራት መንገዶች በሚገናኙበት ስፍራ ቀይ መብራት በርቷል፤ በግራም ሆነ በቀኝ የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይም። አንድ ብስክሌተኛ አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አሳርፎ ቆሟል። ከቆመ ደቂቃዎች አልፈዋል፤ መብራቱ ግን አልተለወጠም። በመጨረሻ ዙሪያውን ይቃኝና ፔዳሉን ረግጦ ያልፋል። ጥቂት ቆይቶ ወደዚያው ስፍራ አንድ መኪና ይደርሳል፤ አሽከርካሪው ፍጥነቱን ትንሽ ቀነስ አድርጎ፣ ግራና ቀኙን በዓይኑ ገረፍ ያደርግና ሳይቆም ቀዩን ጥሶ ይሄዳል። ሁለቱም ቢጠየቁ የሚሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነው፦ «ማን አለና ነው የምቆመው?»

ይህ ጥያቄ ከሕግ ጥናት ክፍል ይልቅ በየሌሊቱ በየመንገዱ የሚነሣ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ስለሆነ ተገቢውን ትኩረት ይሻል። የሁለቱ ሰዎች ድርጊት በአብዛኞቹ አገሮች ሕግ አንድ ስም አለው፤ ቀይ መብራት መጣስ ይባላል። በተፈጸመበት ምክንያትና ሊያስከትል በሚችለው ጉዳት ግን እጅግ የተራራቀ ነው። አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ። ከድንገተኛ አደጋ ተሽከርካሪ በቀር መኪና የሚያሽከረክር ሰው በሌሊት ቀይ መብራት የሚጥስበት ተቀባይነት ያለው ምክንያት የለም። ብስክሌተኛው ግን መብራቱ ሳያውቀው ሲቀር ሙሉ በሙሉ ቆሞ፣ አይቶና ለሌሎች ቅድሚያ ሰጥቶ የሚያልፍበት ሕጋዊ መንገድ ሊኖረው ይገባል። ሳይቆም ማለፍ ለእርሱም ቢሆን መፈቀድ የለበትም፤ እንዲያውም ከቀን ይልቅ በሌሊት የበለጠ የሚያስፈራው ይህ ነው። ወደዚህ አቋም ያደረሰኝ መብራቱ እንዴት እንደሚሠራና የሌሊት መንገድ ምን ዓይነት መንገድ እንደሆነ ማሰላሰሌ ነው።

ዓይኑን ያጣው መብራት

የትራፊክ መብራት የተወለደው ለሌሊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በለንደን ከፓርላማው ሕንጻ አጠገብ የቆመው የመጀመሪያው ምልክት፣ ቀን ቀን በባቡር ሐዲድ ላይ እንደነበረው ዓይነት ከፍ ዝቅ በሚሉ ክንዶች ይሠራ ነበር፤ ቀይና አረንጓዴ የጋዝ ፋኖሶቹ የሚበሩት ክንዶቹ በማይታዩበት ሰዓት፣ ማለትም ሲጨልም ነበር። ምልክቱን የሚያንቀሳቅሰው ከሥሩ የሚቆም ፖሊስ ነው። ተተክሎ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1869 መጀመሪያ ላይ፣ ጋዙ አፈትልኮ በመፈንዳቱ ፖሊሱ ተጎዳ፤ ሐሳቡም ለዓመታት ተተወ። በ1914 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ የኤሌክትሪክ መብራት ሲተከልም መብራቱን የሚቀያይረው በመንገዱ ዳር ባለች አነስተኛ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነበር። ይህ ዝርዝር ለዛሬው ጥያቄያችን ትልቅ ትርጉም አለው። መብራቱን የሚያዝዘው ሰው መንገዱን ያያል፤ አንድ ተጓዥ ብቻውን ቆሞ ካየ ያሳልፈዋል፤ ባዶ መንገድን ደግሞ ያለ ምክንያት አያግድም።

መብራቱ በሰዓት መቁጠሪያ መሥራት ሲጀምር ያ ዓይን ጠፋ። ለእያንዳንዱ አቅጣጫ የተመደበለትን ሰከንድ እየቆጠረ፣ ሰው ኖረም አልኖረም ከቀይ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ይመላለሳል። እንዲህ ያለው መብራት ቢያሰለችም ታማኝ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ቢቆም ተራው መድረሱ አይቀርም። በእንዲህ ያለ መብራት ፊት የቆመ ብስክሌተኛ «አላየኝም» ብሎ ማመካኘት አይችልም፤ ሊቆጥር የሚገባው ጥቂት ሰከንዶችን ብቻ ነውና።

ችግሩ የተወሳሰበው ለመብራቱ ዓይን ለመመለስ በተሞከረበት ጊዜ ነው። ወደ መስቀለኛው መንገድ ስትቃረቡ አስፋልቱ ላይ በአራት ማዕዘን ወይም በክብ ቅርጽ የተቀደደና መልሶ የተደፈነ ቀጭን መስመር አይታችሁ ይሆናል። ከሥሩ የሽቦ ጥቅል ተቀብሯል። በሽቦው ውስጥ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ያለማቋረጥ ይመላለሳል፤ ከብረታ ብረት የተሠራ ትልቅ አካል በላዩ ሲቆም የጥቅሉ መግነጢሳዊ ባሕርይ ይለወጣል፤ በመንገዱ ዳር ባለው ሳጥን ውስጥ ያለው መሣሪያም ለውጡን አንብቦ «የሚጠብቅ አለ» ብሎ ለመብራቱ ያሳውቃል። ብዙ ሰው መሣሪያው ክብደት የሚለካ ይመስለዋል፤ በዚህም የተነሣ ብስክሌቱን ከፍ ዝቅ እያደረገ መንገዱን የሚደበድብ አይጠፋም። ይህ ምንም አይጠቅመውም። መሣሪያው የሚያነበው በሽቦው ላይ ያረፈው ብረታ ብረት በመግነጢሳዊ መስኩ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ነው።

መኪና ሰፊ ሆድ ስላለው በጥቅሉ ላይ የትም ቢቆም ይታያል። ብስክሌት ግን ከጎን እንጂ ከላይ ሲታይ ከክር የማይሻል ቀጭን ነገር ነው። ቸርኬው ከአሉሚኒየም ወይም ከብረት የተሠራ ከሆነና ልክ በተቀደደው መስመር ላይ ከቆመ፣ መሣሪያው በቂ ስሜት እንዲኖረው ተደርጎ ከተስተካከለ ይታያል። በመስመሮቹ መካከል ባዶው ላይ ከቆመ፣ ወይም ቸርኬው ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ከሆነ፣ ወይም ባለሙያው መሣሪያውን ለመኪና ብቻ ካስተካከለው፣ ብስክሌተኛው ለመብራቱ የሌለ ሰው ነው። ቀን ቀን ይህ ጉድለት ተሸፍኖ ይውላል፤ ከኋላው ወይም ከፊት ለፊቱ የመጣ መኪና መብራቱን ሲያስለውጠው እርሱም አብሮ ያልፋል። በሌሊት ግን የሚሸፍንለት መኪና የለም። በመግቢያው ላይ ያነሣሁት ብስክሌተኛ ደቂቃዎች ቆሞ ሳይሳካለት የቀረው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ እስከ ንጋት ቢቆምም መብራቱ ላይለወጥለት ይችል ነበር።

ስለዚህ የብስክሌተኛውን ድርጊት «ሕግ አለማክበር» ብሎ ብቻ መጥራት ተገቢ አይመስለኝም። ሕጉ ቁም ሲለው ቆሟል። የተሠራለት ነገር ግን እንደ ሰው አልቆጠረውም። ለመኪና ብቻ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ በብስክሌተኛው ላይ ያመጣውን ጣጣ የብስክሌተኛው የሥነ ምግባር ጉድለት አድርጎ ማቅረብ ጥፋቱን ከባለቤቱ ላይ አንሥቶ በሌላው ላይ መጫን ነው።

በሌሊት የሚመጣው መኪና

«ማን አለ?» የሚለው ጥያቄ ግን ሌላም ገጽ አለው፤ የብስክሌተኛውን መከራከሪያ የሚያዳክመውም ይህ ገጽ ነው። የሌሊት መንገድ ባዶ አይደለም፤ የሚጓዙበት ጥቂት ናቸው፣ ነገር ግን ከቀኖቹ የተለዩ ናቸው። ቀን ቀን መንገዱን የሚያዘገየው መጨናነቁ ራሱ ነው፤ መኪና በመኪና ላይ ተደራርቦ ሲጓዝ ማንም እንዳሻው አይፈጥንም። ሌሊት ያ ልጓም ይፈታል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት፣ ደረቅ አስፋልት ላይ እስኪቆም በድምሩ 35 ሜትር ያህል ይሄዳል። በ80 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ደግሞ ወደ 70 ሜትር ያስፈልገዋል። ዝቅ ተደርጎ የበራ የፊት መብራት ጥቁር ልብስ የለበሰን ሰው የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ ከ50 ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው። ይህም ማለት በ80 የሚሄደው አሽከርካሪ ብስክሌተኛውን ባየበት ቅጽበት ፍሬን ቢይዝም ሳይገጨው መቆም አይችልም ማለት ነው፤ ንቁና ጤነኛ ቢሆንም እንኳ።

ነገር ግን በዚያ ሰዓት ሁሉም ንቁ አይደለም። የሰው አካል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ ባለው ጊዜ እንቅልፍ በብርቱ የሚጫነው በተፈጥሮው ነው። በእንቅልፍ ማጣት ላይ የተሠሩ ታዋቂ ምርምሮች እንዳሳዩት 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የመገንዘብና ምላሽ የመስጠት ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ ይሆናል፤ ይህ መጠን በብዙ አገሮች ማሽከርከር የሚከለከልበት ወሰን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥቶ ሲሠራ የዋለና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ቤቱ የሚያሽከረክር ሰው አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ ከዚህ ወሰን አልፏል ማለት ነው። ከመጠጥ ቤት የሚወጡትም ወደ መንገድ የሚገቡት በዚሁ ሰዓት መሆኑ ይታከልበት። በቀን ከሚያልፉት ሺህ መኪኖች ይልቅ በሌሊት የሚያልፈው አንዱ መኪና የበለጠ ሊያሰጋ የሚችለው በዚህ የተነሣ ነው።

በዚህ ላይ በጨለማ ርቀትንና ፍጥነትን መገመት አስቸጋሪ ነው። ቀን ላይ የመኪናው አካል እየተለቀ ሲመጣ ዓይን ፍጥነቱን ያመዛዝናል፤ ሌሊት የሚታዩት ሁለት የብርሃን ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ሩቅ ሲሆኑ የቆሙ ይመስላሉ። በሞተር ድምፅ መታመንም እየቀረ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲመጣ ብዙም አይሰማም፤ በብስክሌተኛው ጆሮ ላይ የሚያፏጨው ነፋስ ደግሞ የቀረውን ድምፅ ይሸፍናል። «አይቻለሁ፣ ማንም የለም» ብሎ ሳይቆም የሚያልፍ ብስክሌተኛ ያላየው ነገር መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ቆሞ፣ አንገቱን አዙሮ፣ አድምጦና እንደገና አይቶ የሚሄደው ግን ቢያንስ ለዓይኑና ለጆሮው ጊዜ ሰጥቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አምስት ወይም አሥር ሰከንድ ብቻ ነው፤ የእኔም ፍርድ የሚያርፈው በእነዚህ ሰከንዶች ላይ ነው።

አሁን ወደ አሽከርካሪው እንመለስ። እርሱም ቢሆን ቀዩን ከመጣሱ በፊት ግራና ቀኙን ማየቱን ሊናገር ይችላል፤ የእርሱ ስሕተት ዋጋ ግን በአብዛኛው የሚከፈለው በሌላ ሰው ነው። አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ተሸክሞት የሚሄደው የእንቅስቃሴ ጉልበት 145 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ከነብስክሌቱ 90 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲሄድ የሚኖረው ጉልበት አንድ ተኩል ኪሎ ጁል እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ መቶ እጥፍ ነው። ብስክሌተኛ ቀይ ጥሶ ከመኪና ጋር ሲጋጭ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ራሱ ነው፤ እግረኛ ገጭቶ የሚጎዳበት፣ አልፎ አልፎም የሚገድልበት ጊዜ መኖሩን ግን መካድ አይገባም። አሽከርካሪ ጥሶ ሲያልፍ ግን በብረትና በአየር ከረጢት የተከበበው እርሱ ነው፤ እርቃኑን ያለው ሌላው ነው። በአሜሪካ ቀይ መብራት በጣሱ አሽከርካሪዎች ምክንያት በየዓመቱ ከ1000 በላይ ሰዎች ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥፋተኛው አሽከርካሪ ሳይሆኑ እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና በሌላ ተሽከርካሪ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በመንገድ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል፤ ከሟቾቹም ከግማሽ የሚበልጡት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና የሞተር ብስክሌት ተጓዦች ናቸው።

አሽከርካሪው መብራቱ አላየኝም የሚል ምክንያትም የለውም። የተቀበረው ሽቦ የተሠራው ለእርሱ ነው። መሣሪያው ካልተበላሸ በቀር በቆመ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አረንጓዴ ይበራለታል። የሚቆጥበው ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ነው።

ብዙ ጊዜ የማይነሣ ሌላ ነገርም አለ፤ እርሱም በአረንጓዴ የገባ ብስክሌተኛ ራሱ በመስቀለኛው መንገድ መካከል የሚያዝበት ሁኔታ ነው። ቢጫው ብዙውን ጊዜ የሚቆየው ከ3 እስከ 6 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም አቅጣጫ ቀይ የሚሆንበት አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ይከተላል። ስሌቱ የተሠራው በመኪና ፍጥነት ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ 30 ሜትር ስፋት ያለውን መስቀለኛ መንገድ ለማቋረጥ ከ7 ሰከንድ በላይ ይወስድበታል። አረንጓዴው ሊያልቅ ሲል የገባ ብስክሌተኛ ገና መካከል ላይ ሳለ ለሌላው አቅጣጫ አረንጓዴ ይበራል። ቀን ላይ በዚያ አቅጣጫ ያሉት መኪኖች ቆመው ስለነበር ቀስ ብለው ይነሣሉ። ሌሊት ግን ከሩቅ በፍጥነት የሚመጣ መኪና ሳይቆም አረንጓዴውን ሊያገኝ ይችላል፤ ሕጋዊ መብቱን ይዞ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ፣ ሕጋዊ መብቱን ይዞ ወደገባው ብስክሌተኛ ይደርሳል። ሁለቱም ሕግ አክብረው የሚጋጩበት ሁኔታ ይህ ነው። አረንጓዴ መብራት የማለፍ ፈቃድ እንጂ ከፊት ያለውን አለማየት ፈቃድ አለመሆኑን አሽከርካሪ ሁሉ በልቡ ሊይዘው የሚገባ ነገር ነው።

የተሞከሩት ሕጎች

የብስክሌተኛውን ሁኔታ ለይቶ ለማየት የሞከሩ ሕጎች አዲስ አይደሉም። በአሜሪካ የኢዳሆ ግዛት ከ1982 ጀምሮ ብስክሌተኛ የ«ቁም» ምልክትን እንደ «ቅድሚያ ስጥ» ምልክት እንዲያየው ፈቅዷል፤ በቀይ መብራት ደግሞ መጀመሪያ ቆሞ፣ መንገዱ ነፃ መሆኑን አረጋግጦ እንዲሄድ ይፈቅድለታል። የዴላዌር ግዛት በ2017 ያወጣው ሕግ ጠባብ ነው፤ የ«ቁም» ምልክትን እንጂ ቀይ መብራትን አይነካም። ፓሪስ ከ2012 ጀምሮ በተመረጡ ቦታዎች ላይ በመብራቱ ሥር ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ሰቅላ ብስክሌተኞች ለእግረኛና ለሌሎች ቅድሚያ እየሰጡ በተመለከተው አቅጣጫ ብቻ በቀይ እንዲያልፉ ፈቅዳለች። ጀርመን በ2020 ለብስክሌተኞች ብቻ የሆነ አረንጓዴ ቀስት ያለበት ምልክት አስገብታለች፤ በዚያ ምልክት ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ብስክሌተኛ ግን አስቀድሞ መቆም ግዴታው ነው።

ለእኛ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላ ዓይነት ሕግ ነው። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች መብራቱ ያላወቀው የሞተር ብስክሌት ወይም የብስክሌት ተጓዥ ተገቢውን ጊዜ ከጠበቀ በኋላ በጥንቃቄ እንዲያልፍ ይፈቀድለታል። ቨርጂኒያ ልኩን ሳይቀር አስቀምጣዋለች፦ የመብራቱ ሁለት ሙሉ ዙር ወይም ሁለት ደቂቃ፣ ከሁለቱ አጭሩ። ይህን ሕግ የምወደው ለብስክሌተኛው የተለየ መብት ስለሰጠ ሳይሆን ጥፋቱን በትክክለኛ ቦታው ስላስቀመጠ ነው። የተበላሸው መሣሪያው መሆኑን ያምናል፤ ሰውየው ግን መጀመሪያ የድርሻውን እንዲወጣ፣ ማለትም እንዲቆምና እንዲጠብቅ ይጠይቀዋል። «ሌሊት ስለሆነ» የሚል ቃል በውስጡ የለም፤ አያስፈልገውምም።

«ሌሊት ስለሆነ» በሚል ሐሳብ ላይ የተመሠረተው ሙከራ ሌላ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መብራቱን ወደ ብልጭ ድርግም የሚል ቢጫ መለወጥ። በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት ብልጭ ድርግም የሚል ቢጫ ማለት በልዩ ጥንቃቄ ማለፍ ይቻላል ማለት መሆኑን ይደነግጋል። ሐሳቡ ሲያዩት ምክንያታዊ ነው፤ የቀረው ጥቂት ተጓዥ እርስ በርሱ ተያይቶ ይለፍ የሚል ነው። ችግሩ በዚያ ሰዓት «ልዩ ጥንቃቄ» እንዲያደርጉ የሚጠየቁት ሰዎች እንቅልፍና መጠጥ ጥንቃቄያቸውን የቀነሰባቸው መሆናቸው ነው። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ግዛት በዊንስተን ሳሌም ከተማ የሌሊቱ ብልጭታ ቀርቶ መደበኛው ቀይና አረንጓዴ እንዲመለስ በተደረገባቸው መስቀለኛ መንገዶች በጎንና በግንባር የሚደርሱ የሌሊት ግጭቶች ቀንሰዋል። ስለዚህ መብራቱን በማጥፋት ወይም በማላላት ችግሩን እንፍታ ለሚሉ ወገኖች ይህ ውጤት በቂ መልስ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ብስክሌተኛው በሌሊት መቆም የሚከብድበትን አንድ እውነተኛ ምክንያት ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም፤ እርሱም ፍርሃት ነው። በዚያ ሰዓት በብስክሌት የሚጓዙት አብዛኞቹ ለመዝናናት የወጡ አይደሉም። የሌሊት ተረኛ ነርሶች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ ንጋት ላይ ዳቦ የሚያደርሱ ጋጋሪዎች ናቸው። መኪና ውስጥ ያለ ሰው በሩን ቆልፎ ይጠብቃል። ብስክሌት ላይ ያለች ሴት ጨለማ በዋጠው ጥግ ላይ ብቻዋን ሁለት ደቂቃ ስትቆም የምታስበው ስለ ትራፊክ ቅጣት ብቻ አይደለም። ከኋላዋ የእግር ኮቴ ብትሰማና ቀዩን ጥሳ ብትሄድ የሚፈርድባት ሰው ያለ አይመስለኝም። ይህ ፍርሃት ግን በመንገዱ ላይ ብርሃን ባለመኖሩና በማይለወጠው መብራት ምክንያት የመጣ ስለሆነ መድኃኒቱም ያው ራሱ ነው፤ ስፍራው ቢበራና መብራቱ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ቢያያት ኖሮ ከሁለቱ አደጋዎች አንዱን ለመምረጥ አትገደድም ነበር።

በአንጻሩ ከሁሉም በላይ የምናስበው ሊሆን የሚገባው ሦስተኛው ሰው ነው። ማየት የተሳነው እግረኛ በሌሊትም ይጓዛል፤ ለእርሱ ጨለማ ከቀን የተለየ ትርጉም የለውም። የእግረኛ መብራቱ ድምፅ ማለፍ እንደሚችል ሲነግረው ያንን አምኖ አስፋልት ላይ ይወርዳል። ግራና ቀኝ አይቶ ብስክሌተኛውን ሊሸሽ አይችልም፤ ብስክሌቱ ደግሞ ድምፅ የለውም። «ተያይተን እንተላለፋለን» የሚለው የብስክሌተኞች መከራከሪያ ይህን ሰው ከቁጥር አስወጥቶ የተሠራ ነው። በሌሊት ቀይ ሳይቆም የሚያልፍ ሁሉ፣ ባለ ሁለት ጎማም ሆነ ባለ አራት፣ መንገዱን የሚያቋርጠው ሰው እንደሚያየው ተማምኖ ነው። ለብስክሌተኛ የሚሰጥ ማንኛውም ፈቃድ መጀመሪያ መቆምን ግዴታ ማድረግ አለበት የምለው ዋና ምክንያቴም ይኸው ነው።

በአሽከርካሪዎችና በብስክሌተኞች መካከል ያለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ ርቆ ይሄዳል። አሽከርካሪው ብስክሌተኛ ቀይ ሲጥስ ያይና «እነዚህ ሕግ አያውቁም» ይላል፤ በዚያው ሌሊት እርሱ ራሱ ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ኪሎ ሜትር አስበልጦ መጓዙ ግን ጥሰት ሆኖ አይሰማውም። የብስክሌተኛው ጥሰት ለዓይን ይታያል፤ የፍጥነት ጥሰት ግን ከአጠገቡ ለቆመ ሰው እንኳ በቁጥር አይታወቅም። ብስክሌተኛውም በበኩሉ «እኔ የምጎዳው ራሴን ብቻ ነው» በሚል ራሱን ነፃ ያወጣል። ሁለቱም የራሳቸውን ጥሰት በምክንያት፣ የሌላውን ግን በባሕርይ ያብራራሉ።

መብራቱን የሚያስተካክለው ማን ነው?

በዚህ ጉዳይ ዋናውን ሥራ መሥራት የሚችለው መንገዱንና መብራቱን የሚያስተዳድረው አካል ሆኖ ሳለ በብዛት የሚወቀሱት ሁለቱ ተጓዦች መሆናቸው ያሳዝነኛል። የተቀበረው ሽቦ መሣሪያ የስሜት መጠን አስፋልት ሳይቆፈር በሳጥኑ ውስጥ ሊስተካከል ይችላል። ብስክሌት የት ላይ ቢቆም እንደሚታይ የሚያመለክት ትንሽ የብስክሌት ሥዕል በተቀደደው መስመር ላይ መቀባት የሚጠይቀው ቀለምና የአንድ ሰው የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። በመንገዱ ጠርዝ ብስክሌተኛው ሳይወርድ የሚጫነው አዝራር መትከልም ይቻላል። ካሜራና ራዳር የሚጠቀሙ አዳዲስ መሣሪያዎች ደግሞ ብስክሌትን ከመኪና ለይተው ስለሚያውቁ ብስክሌተኛው እስኪሻገር አረንጓዴውን ጥቂት ሰከንድ ማራዘም ይችላሉ፤ ከላይ ያነሣሁት በመካከል የመያዝ ችግርም በዚህ ይቃለላል።

ለሌሊት የምመርጠው አሠራር ግን ሌላ ነው። የሚመጣ ተጓዥ ሳይኖር መብራቱ በሁሉም አቅጣጫ ቀይ ሆኖ ይቆያል፤ አንድ ሰው ሲቃረብ መሣሪያው አውቆ ለእርሱ አረንጓዴ ያበራለታል። በአውስትራሊያ በቪክቶሪያ ግዛት በሌሊት መጠጥ ጠጥተው በእግር የሚሄዱ ሰዎችን ከመኪና ለመጠበቅ ተብሎ ይህን መሰል አሠራር ተሞክሯል። የሚያምረው ጎኑ በሰው ጥንቃቄ ላይ ብቻ አለመመሥረቱ ነው። ከሩቅ ቀይ የሚያይ አሽከርካሪ እግሩን ከነዳጅ ላይ ያነሣል፤ ወደ መስቀለኛው መንገድ የሚደርሰውም ፍጥነቱን ቀንሶ ነው። በቀስታ የመጣ ሳይቆም ያልፋል፤ በፍጥነት የመጣ ግን ይቆማል። ብልጭ ድርግም የሚለው ቢጫ ሁሉንም ሰው አምኖ ይለቃቸዋል፤ ይህ ግን ማንንም አያግድም፣ ማንም ግን በሙሉ ፍጥነት እንዲገባ አይፈቅድም። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ መሣሪያው ብስክሌቱንም እግረኛውንም ማየት አለበት። አለበለዚያ ሁሉም ቀይ የሆነበት መስቀለኛ መንገድ ለብስክሌተኛው የማይከፈት በር ይሆናል።

ይህ እስኪሆን ድረስ ብስክሌተኛው ማድረግ የሚችለው የተቀደደውን መስመር ፈልጎ ሁለቱንም ጎማ በላዩ አሳርፎ መቆም፣ የፊትና የኋላ መብራቱን ማብራት፣ አንጸባራቂ መልበስ፣ መብራቱ ካልተለወጠም በአገሩ ሕግ በተፈቀደው መሠረት ማለፍ፣ ካልተፈቀደ ደግሞ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ በእግረኛ መሻገሪያው መሻገር ነው። አንዳንድ ጊዜ መፍትሔው ከጎኑ ይመጣል። ብስክሌተኛው በማይለወጠው ቀይ ፊት ቆሞ ሳለ አንድ መኪና ከኋላው ደርሶ በዚያው ረድፍ ይቆማል፤ ከአስፋልቱ ሥር ያለው ሽቦ መኪናውን ያውቃል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ አረንጓዴው ለሁለቱም ይበራል። አሽከርካሪው ከፊቱ ያለውን ቀይ የኋላ መብራት እያየ ብስክሌተኛው እስኪነሣ ትንሽ ይታገሠዋል።